ከሞተሩ በስተፊት የተቀመጠው ነጂ

አንባቢ ሆይ፤ በእጅዎ ላይ ሰዓት እንዳለ ይመልከቱና ስምንት ሰኮንድ ይቁጠሩ። ቆጥረው ከመጨረስዎ በፊት አንድ ሰው ከቆመበት ስፍራ ተነሥቶ የአዲስ አበባን ስታዲየም አንድ ጊዜ ከመዞር በጥቂቱ የሚበልጥ መንገድ ፈጸመ፤ በመጨረሻውም ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ነበር ብንልዎ ምን ይላሉ? ነገሩ ተረት አይደለም። በ1964 ዓ.ም. በኦገስት ወር በአሜሪካ አገር በኒው ጀርዚ ግዛት ተደርጓል። ያደረገውም ዶን ጋርሊትስ የሚባል የፍሎሪዳ ተወላጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።)

ስለዚህ ሰው እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ተማሪዬ ነው። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ፍጥነት መጨመር ሳስተምር፥ ደረቁን ትምህርት ለማለስለስ ብዬ የጋርሊትስን ነገር አነሣሁ። ሁለት ጊዜ ከሞት አፋፍ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ውድድሩ እንደ ተመለሰም ተናገርሁ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እጁን አነሣና «መምህር፤ ታዲያ ይህ ሰው ዕብድ ነው ማለት ነው?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ መለስሁለት። ክፍሉ ሳቀ፤ ደወል ተደወለ፤ ወጣን። ማታ ግን ነገሩ ቆረቆረኝ። አንድ ልጅ በቁም ነገር የጠየቀውን ጥያቄ በሳቅ መዝጋት የመምህር ሥራ አይደለም። ስለ ሰውዬው የተጻፈውን ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ባነበብሁም መጠን የሰጠሁት መልስ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት።

ሩብ ማይል

አስቀድሞ ውድድሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ላስረዳ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ድራግ ሬስ» ይሉታል። የተለመደ የአማርኛ ስም ስለሌለው እኔ የሩብ ማይል እሽቅድምድም ብዬዋለሁ፤ ርቀቱ ከጥንት ጀምሮ ሩብ ማይል፥ ማለት 402 ሜትር ያህል ነበርና። ሁለት መኪናዎች በቀጥተኛ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዱሮ በመካከላቸው ባንዲራ የያዘ ሰው ቆሞ፥ ባንዲራውን ወደ ላይ ሲያነሣ ይለቀቁ ነበር። ከ1963 ዓ.ም. ወዲህ ግን «የገና ዛፍ» የሚሉት መብራት የተሰካበት ምሰሶ ተተክሎላቸዋል፤ ቢጫው ከበራ በኋላ አረንጓዴው ሲመጣ መሄድ ነው። መታጠፊያ የለም፥ ዳገት የለም፥ ዙር የለም። ቀድሞ የደረሰው ለሚቀጥለው ተጋጣሚ ይቆያል፤ የተሸነፈው መኪናውን ጭኖ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው በካሊፎርኒያ ወጣቶች ነው። ያረጀ ፎርድ በርካሽ ይገዙና መከላከያውንና ጣራውን ነቅለው፥ ሞተሩን አጠንክረው፥ በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳዎችን መጠቀም ጀመሩ። በ1950 ዓ.ም. በሳንታ አና የአውሮፕላን ማረፊያ ለተመልካች ክፍት የሆነ ውድድር በክፍያ ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው ውድድሩን ከየመንደሩ ጎዳና አውጥቶ ሥርዓት ለማስያዝ ብሔራዊውን የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋመ። እንግዲህ ሌላው ዓለም ስፖርት ብሎ ከማወቁ በፊት ይህ ሥራ የጋራዥ ልጆች ሥራ ነበር።

የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኛ

ዶን ጋርሊትስ በጃንዩዌሪ 1932 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ የገባው በአንድ ትልቅ መደብር የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል ቀኑን ሙሉ ገቢና ወጪ ሲደምሩ፥ ማኅደር ሲያገላብጡ የሚውሉ ብዙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህች የሕይወቱ ክፍል ታስቃቸው ይሆናል። ሥራው ንጹሕ ነው፥ ወንበሩ ጥላ ውስጥ ነው፥ ደመወዙ በቀኑ ይመጣል። ጋርሊትስ ግን ብዙ ሳይቆይ ትቶት ወጣና እጁን በግራሶ ለወሰ። (ይህን የምጽፈው ማንም ነገ ጧት የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲያስገባ አይደለም፤ በኋላ አለቆቼ ይወቅሱኛል።)

በ1953 ዓ.ም. ፓት የተባለችውን ልጅ አገባ። ስለ እርስዋ ወደ ፊት የምለው አለኝ። በ1955 ዓ.ም. እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ሌክ ሲቲ በተባለ ስፍራ ማኅበሩ ያደረገውን ውድድር አሸነፈ። ቀጥሎም ከአሮጌ ሸቭሮሌ ሻንሲ ላይ የክራይስለር ሞተር ጭኖ፥ ቀጭንና ረዥም የሆነች፥ ከብረት አጽም በቀር ምንም የሌላት መኪና ሠራ። በ1957 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ብሩክስቪል በተባለ የፍሎሪዳ መንደር ይህች መኪና በሰዓት 176 ማይል፥ ማለት 284 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች ተባለ።

ካሊፎርኒያዎች ወሬውን ሲሰሙ ሳቁ። ፈጣን መኪና ከእኛ አገር በቀር የት ይሠራል? የፍሎሪዳ ሰዓት ተበላሽቶ ይሆናል እንጂ! ከዚያ ረግረግ አገር የሚወጣ አይጥ ብቻ ነው እያሉ አፌዙበት። ጋርሊትስም አልተቆጣም፤ «የረግረግ አይጥ» የሚለውን ስድብ ወስዶ የመኪናው ስም አደረገው። ከዚያ በኋላ የሠራቸውን ሁሉ የረግረግ አይጥ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ እያለ እንደ ንጉሥ ስም ቆጠራቸው። ቁጥሩም ከሠላሳ በላይ ደርሷል።

በ1959 ዓ.ም. ወደ ካሊፎርኒያ፥ ወደ ቤከርስፊልድ ወርዶ ከሚያፌዙበት ሰዎች ጋር ተጋጠመ። ተሸነፈም። ተመልካቹም በደስታ ጮኸ። ሰውዬው ግን ለምን እንደ ተሸነፈ ሳያውቅ አልተመለሰም። የካሊፎርኒያዎቹ ሞተሮች አናታቸው ላይ አየርን በኃይል ወደ ውስጥ የሚነፋ መሣሪያ ነበራቸው፤ የእርሱ ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እርሱም ይህን መሣሪያ ለመኪናው ገጠመላት፤ ያን ጊዜ ማሸነፍ ጀመረ።

እሳት

እዚህ ላይ ስለ ነዳጁ አንድ ነገር ካልተናገርሁ የሚቀጥለው አይገባም። የሚጠቀሙበት ነዳጅ እንደ ታክሲዎቻችን ቤንዚን አይደለም፤ ናይትሮሜቴን ይባላል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል አሥራ አምስት ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ናይትሮሜቴን ግን በራሱ ውስጥ ኦክሲጅን ይዞ ስለሚመጣ ለአንዱ ኪሎ የሚያስፈልገው አየር ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። እውነት ነው፤ አንዱ ኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከቤንዚን ሩቡን ያህል ብቻ ነው። ሆኖም በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ከቤንዚን ስምንት እጥፍ የሚበልጥ መጠን ሊቃጠል ስለሚችል ትርፉ ብዙ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተውታል፤ ኃይሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ነዳጅ ስሕተትን አይታገሥም፤ መጠኑ ጥቂት ከተዛባ ሞተሩ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ብሔራዊው ማኅበርም አደገኝነቱን አይቶ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከልክሎት ነበር። ጋርሊትስ ግን በሌሎች ማኅበሮች ውድድር ላይ መጠቀሙን አልተወም።

በ1959 ዓ.ም. በጁን ወር በደቡብ ካሮላይና፥ ቼስተር በተባለ ስፍራ ያ ከካሊፎርኒያ የተማረው የአየር መንፊያ መሣሪያ ፈነዳ። እሳቱም ወደ ነጂው መጣ። እጆቹና ፊቱ ክፉኛ ተቃጠሉ።

እሳቱ ለምን ወደ ነጂው መጣ? ይህን ጥያቄ ልብ ይበሉ፤ የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን መኪናዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነበር። ሞተሩ ከፊት፥ ነጂው ከኋላ፤ ያውም ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ፥ በወንጭፍ ላይ እንደ ተቀመጠ ድንጋይ። እንዲያውም የመኪናዋ ዓይነት ስም «ወንጭፍ» ነው። ነጂውን እዚያ ያስቀመጡት በጭካኔ አይደለም። የዚያ ጊዜ ጎማዎች መንገዱን በደንብ ስለማይዙ፥ ጎማው ከንቱ እንዳይሽከረከር ያለው ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ መሰብሰብ ነበረበት፤ የሰውዬውም አካል ከክብደቱ አንዱ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ዘይት ሲተፋ በነጂው መነጽር ላይ ነው። እሳት ሲነሣም ነፋሱ የሚያመጣው ወደ ነጂው ፊት ነው። ካምቢዮው ደግሞ የሚሽከረከረው በእግሮቹ መካከል ነው።

ጋርሊትስ ሆስፒታል በነበረበት ጊዜ አርት ማሎን የሚባል ጓደኛው መኪናውን ነዳለት። እርሱም ከእንግዲህ አልነዳም ብሎ ነበር። ቃሉን ግን አልጠበቀም፤ ቁስሉ ሽሮ ተመለሰ። ስለ ምን ተመለሰ? ምናልባት ሥራው ስለ ሆነ ይሆናል። ሰዎች በስፖርት ደመወዝ አይገኝም ብለው በሚያስቡበት ጊዜ፥ እርሱ ከከተማ ወደ ከተማ መኪናውን እየጎተተ፥ ከውድድር አዘጋጆች ጋር ዋጋ እየተነጋገረ ቤተ ሰቡን በዚህ ሥራ ብቻ ያስተዳድር ነበር። ተመልካቹም በፍቅር «ቢግ ዳዲ» ይለው ጀመር፤ «ትልቁ አባባ» እንደ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የድል ዓመታት ናቸው። በ1964 ዓ.ም. መግቢያዬ ላይ የተናገርሁትን፥ በይፋ ከ200 ማይል በላይ የሆነውን የመጀመሪያውን ፍጥነት አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት በኢንዲያናፖሊስ የሚደረገውን ትልቁን ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ፤ ከአሜሪካ ቡድን ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮም በአውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ለእንግሊዞች አሳየ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የሚያስቅ ነገር አደረገ። መኪናው ዘገየችበትና ሩብ ማይሉን ከሰባት ሰኮንድ በታች ካልጨረስሁ ጢሜን አልላጭም ብሎ ተሳለ። ጢሙ አደገ፥ ተንዠረገገ። በኢንዲያናፖሊስ የመጨረሻው ግጥሚያ ላይ 6.77 ሰኮንድ ገባና አሸነፈ፤ ከመኪናውም እንደ ወረደ በመነሻው መሥመር ላይ፥ ሕዝብ እያየው፥ ጢሙን ተላጨ።

ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ወንጭፎቹ ነጂዎቻቸውን መብላታቸውን አላቆሙም። በ1969 ዓ.ም. በዚያው በኢንዲያናፖሊስ ጆን መሊጋን የሚባል ስመ ጥር ነጂ መኪናው በእሳት ተያይዛ ተጎዳ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በጉዳቱ ሞተ። ሁሉም አዘነ። ሁሉም ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዓይነት መኪና ላይ ተቀመጠ። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያደጉበት ነገር ስለ ሆነ «እንዲህ ነው» ብለው ተቀበሉት። እንዲህ ያለውን «እንዲህ ነው» እኛም በየመሥሪያ ቤቱ እናውቀዋለን።

በሆስፒታል አልጋ ላይ የተነደፈ መኪና

ማርች 8 ቀን 1970 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ ሎንግ ቢች አጠገብ ባለው የላየንስ ሜዳ የመጨረሻው ግጥሚያ ሊደረግ ነው። የጋርሊትስ መኪና ቁጥር አሥራ ሦስት ናት። (ፈረንጆች ይህን ቁጥር እንዴት እንደሚፈሩት ያውቃሉ።) በእግሮቹ መካከል ያለው ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ራሱ ያሠራው ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ነዳጅ ሰጠ፤ ካምቢዮው በዚያው በመነሻው ላይ ፈነዳ። መኪናዋ ከመካከልዋ ለሁለት ተቆረጠች። የፊተኛው ክፍል ለብቻው ወደ ፊት ሲሄድ፥ ነጂው የተቀመጠበት የኋላው ክፍል ተገለባብጦ የቀረበትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አይረሳውም። የቀኝ እግሩ መዳፍ የፊቱ ክፍል ተቆርጦ ሄደ። የብረቱ ስባሪ ተመልካቾች ዘንድ ደርሶ የአንድ ወጣት ክንድ ክፉኛ ቆረጠ፤ ሐኪሞችም ክንዱን መልሰው አያያዙለት። ጋርሊትስ ያን ጊዜ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፥ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነበር።

አሁን ተማሪዬ የጠየቀኝ ጥያቄ በትክክል የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዕብድ ሰው ምን ያደርጋል? እግሩ ሲድን ያንኑ መኪና ጠግኖ ይመለሳል። ልባም ሰውስ? ወደ መደብሩ የሒሳብ ክፍል ይመለሳል። ጋርሊትስ ከሁለቱ አንዱንም አላደረገም። ሆስፒታል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሞተሩ ከኋላ፥ ነጂው ከፊት የሆነ መኪና መንደፍ ጀመረ።

አሳቡ አዲስ አልነበረም። ከእርሱ በፊት ሞተሩን ከኋላ ያደረጉ ነበሩ፤ መኪናዎቹ ግን በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳይታሰብ ወደ ጎን ይወረወሩና ይገለበጡ ነበር። ስለዚህ አዋቂዎቹ «ይህ ዓይነት አይሆንም» ብለው ደምድመዋል። በዚያው ዓመት በሴፍነር፥ ፍሎሪዳ ባለው ጋራዡ ጋርሊትስ ከረዳቶቹ ከኮኒ ስዊንግልና ከቲ.ሲ. ሌመንስ ጋር ሠርቶ መኪናዋን አወጣ። ሞከራት፤ አዋቂዎቹ እንዳሉት ሆነች። ፍጥነት ስትይዝ አንዴ ወደ ቀኝ፥ አንዴ ወደ ግራ ትዘላለች። ይጠግናሉ፤ ይሞክራሉ፤ ያው ነው። ሻንሲውን ይለዋውጣሉ፤ ያው ነው። ሰውዬው ታከተውና ወደ ዱሮው ወንጭፍ ለመመለስ አሰበ።

እምቢ ያለችው ፓት ናት። ባልዋ ሲቃጠል አይታለች፤ ግማሽ እግሩን ትቶ ሲመጣ አይታለች። ነገሩን ያልሰማ ሰው «እሽቅድምድሙን ተው» ብላ ትለምነዋለች ብሎ ይጠብቃል። እርስዋ ግን ይህን ሥራ መተው እንደማይችል ስለምታውቀው፥ የያዝኸውን መኪና እስኪሆን ድረስ ሥራው እንጂ ወደ ዱሮው አትመለስ አለችው። ይህን ስናነብ እኔ ራሴ መጽሐፉን አስቀምጬ ጥቂት አሰብሁ። የዚህ ታሪክ ብልኅ ሰው ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

የተገኘውም መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ነው። ነጂው ከኋላ ጎማዎች በስተጀርባ ሲቀመጥ የመኪናዋን ጀርባ መዞር በገዛ መቀመጫው ወዲያው ይሰማዋል። ወደ ፊት ሲመጣ ግን ዘግይቶ ያውቀዋል፤ ሲያውቀው ይደነግጥና መሪውን አብዝቶ ይጠመዝዛል። መሪው ደግሞ እጅግ ፈጣን ስለ ነበረ ጥቂት የእጅ እንቅስቃሴ ጎማዎቹን ብዙ ያዞራቸዋል። እንግዲህ በሽታው ከሻንሲው አልነበረም፤ ከመሪው ነበር። እጅ ብዙ ሲዞር ጎማ ጥቂት እንዲዞር አድርገው መሪውን አዘገዩት። መኪናዋም እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች።

በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጋርሊትስ የረግረግ አይጥ አሥራ አራተኛን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ ወረደ። እንደ ልማዳቸው ሳቁበት። በፖሞና የተደረገውን የክረምት ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ። ቀጥሎም ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በተሳለቁበት በቤከርስፊልድ አሸነፈ። ሣቁም ቆመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወንጭፍ የሚሠራ ሰው ጠፋ። ዛሬ በከፍተኛው ክፍል የሚወዳደሩት ረዣዥም መኪናዎች ሁሉ ነጂያቸውን ከሞተሩ በስተፊት ያስቀምጣሉ። እሳትም ሆነ ዘይት ከኋላው ይቀራል። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት በሕይወት እንደ ኖረ ልንቆጥር አንችልም፤ ሳይሞት የቀረ ሰው በጋዜጣ አይወጣምና።

ለአደጋ መልስ የመፈለጉ ነገር ከእርሱ ጋር አላቆመም። በ2008 ዓ.ም. ስኮት ካሊታ የተባለ ነጂ በውድድር ላይ ከሞተ በኋላ፥ ማኅበሩ ፈጣኖቹ መኪናዎች የሚሮጡበትን ርቀት ከሩብ ማይል ወደ 1,000 ጫማ፥ ማለት ወደ 305 ሜትር ያህል አሳጠረው፤ ለመቆሚያ የሚሆን መንገድ እንዲተርፍ ነው። ስለዚህ «ሩብ ማይል» ያልሁት ስም ለእነዚህ መኪናዎች ዛሬ በትክክል አይሠራም።

ጡረታ

ከ1971 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ጠቅለል አድርጌ ልለፍ። በ1975 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፥ በኦንታሪዮ ሜዳ በሰዓት 403 ኪሎ ሜትር ደርሶ በ5.63 ሰኮንድ ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት የብሔራዊው ማኅበር ሻምፒዮን ሆነ። ከማኅበሩ ጋር ግን ሁልጊዜ በሰላም አልኖረም። ሽልማቱ አነሰ ብሎ በ1972 ዓ.ም. በታልሳ ከተማ፥ ልክ የኢንዲያናፖሊስ ውድድር በሚደረግበት ሰሞን፥ ሌላ ውድድር እስከ ማዘጋጀት ደርሷል። ሸርሊ መልዳውኒ ከተባለችው፥ በ1977፥ በ1980 እና በ1982 ዓ.ም. ሻምፒዮን ከሆነችው ብርቱ ሴት ጋር ያደረገው ፉክክርም ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በ1984 ዓ.ም. በኦካላ፥ ፍሎሪዳ የሩብ ማይል እሽቅድምድም ሙዚየም ከፈተ። ሙዚየም የሚከፍት ሰው ሥራውን የጨረሰ ነው ብለው ያስባሉ። በዚያው ዓመት በአምሳ ሁለት ዓመቱ ኢንዲያናፖሊስን እንደ ገና አሸነፈ። በ1985 እና በ1986 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የነዳት የረግረግ አይጥ ሠላሳኛ አፍንጫዋ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ሆኖ የሾለ፥ የነጂውም ስፍራ እንደ ተዋጊ አውሮፕላን የተሸፈነ ነበር፤ በጌንስቪል በሰዓት 438 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። በዚያው በጋ በኢንግሊሽታውን ሜዳ ፊትዋ ወደ ሰማይ ተነሥቶ በኋላ ጎማዎችዋ ላይ ቆመች፥ ዞረች፥ ወደ መጣችበት ፊትዋን መልሳ በጎማዎችዋ ዐረፈች። ነጂው ምንም አልሆነም። መኪናዋ ዛሬ የስሚዝሶንያን ሙዚየም ንብረት ናት። በሚቀጥለው ዓመት በስፖኬን ሌላዋ እንዲሁ ተነሣች፤ ያቺ ግን አልዳነችም፤ ተሰባበረች።

በ1992 ዓ.ም. የከለከለው ነገር ያልጠበቀው ነበር፤ ዓይኑ። መኪናዋን ለማቆም ፓራሹቱ ሲዘረጋ የሚመጣው ድንገተኛ ጉተታ የዓይኑን የውስጥ ሽፋን አላቀቀው። ይህ ለእኔ የፊዚክስ ትምህርት ነው። ተማሪዎቼ ፍጥነት መጨመርን ይፈራሉ፤ ፍጥነት መቀነስም ያው ኃይል መሆኑን ይረሳሉ። ጋርሊትስ ሄደ፤ ደግሞ ተመለሰ። በ2003 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመቱ በጌንስቪል በሰዓት 323 ማይል፥ ማለት 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወጣ እተነፍሳለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በፌብርዋሪ ወር ፓት ዐረፈች። ስድሳ ዓመት ያህል አብረው ኖረዋል። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር መጨረሻ የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሽማግሌ በባትሪ የምትሄድ መኪና ይዞ ወደ ሜዳ ወጣ። ናይትሮሜቴን የለም፥ ነበልባል የለም፥ ዕድሜውን ሙሉ ጆሮውን ያደነቆረው ጩኸት የለም። በሰዓት 184 ማይል ሄደች። አሳቡ ግልጽ ነው፤ በ1964 ዓ.ም. በነዳጅ ሞተር እንዳደረገው ሁሉ፥ በኤሌክትሪክም 200 ማይልን ማለፍ ነበር። ለዚህ ብሎ የረግረግ አይጥ ሠላሳ ስምንተኛን አዘጋጀ። በጁላይ 2019 ዓ.ም. በፓልም ቢች ሜዳ፥ ፍሎሪዳ፥ በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ቀበቶውን አጥብቆ ከሞተሮቹ በስተፊት ተቀመጠ። መኪናዋ 189 ማይል ሄደች። አሥራ አንድ ማይል ጎደለው።